ትንሽ ስክሪን፣ ትልቅ ከርነል፦ ታይኒዲአርኤም ምን ሠራልን? ምንስ ጎደለው?

መጽሐፍ ይተቻል፣ ፊልም ይተቻል፤ ኮድ ግን እንደ ሥራ ተነብቦ ሲተች ብዙም አናይም። ዛሬ አንድ ኮድ እናንብብ። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ለትናንሽ ስክሪኖች የተጻፈው ታይኒዲአርኤም ነው።

እንጅባራም ሆነ አዲስ አበባ፣ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ለመመረቂያ ፕሮጀክቱ ሴንሰር ሲገጥም አጠገቡ አንድ ትንሽ ስክሪን ማስቀመጡ የተለመደ ነው። አርዱዪኖ ላይ ከሆነ ቀላል ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ ስክሪኗን ያዛታል። ራስበሪ ፓይ ላይ ሲሆን ግን በመሃል ሊኑክስ አለ። ከርነሉ ስክሪኗን የሚያናግርበት ድራይቨር ከሌለው ዴስክቶፑም ሆነ ሌላው ፕሮግራም ስክሪን መኖሩንም አያውቅም።

ለእነዚህ ስክሪኖች መጀመሪያ የመጣው ኤፍቢቲኤፍቲ የተባለው የኖርዌጂያዊው ኖራልፍ ትሮነስ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ከርነሉ ገባ፤ የገባው ግን «ስቴጂንግ» ወደሚባለው፣ ገና ያልበሰለ ኮድ ወደሚቆይበት ክፍል ነው። የተሠራበት አሮጌው የፍሬምበፈር ሥርዓት ደግሞ በዚያው ዓመት ለአዳዲስ ድራይቨሮች በሩን ዘጋ። ስለዚህ ትሮነስ ሥራውን በአዲሱ ሥርዓት፣ በዲአርኤም ላይ እንደገና ጀመረው። ታይኒዲአርኤም እ.ኤ.አ. በ2017 በከርነል 4.12 የገባው በዚህ መንገድ ነው።

ችግሩ ምን ነበር መሰላችሁ? ዲአርኤም የተነደፈው ለትልልቅ የግራፊክስ ካርዶች ነው። ድራይቨር ጸሐፊውን ስለ ምስል ንብርብር፣ ስለ ስካን ተቆጣጣሪ፣ ስለ ኢንኮደር፣ ስለ ማገናኛ ይጠይቀዋል። የኛዋ ስክሪን ከዚህ አብዛኛው የላትም። በጥቂት ሽቦ ትእዛዝና ነጥብ ትቀበላለች፣ አለቀ። ስለዚህ ትሮነስ እነዚያን ክፍሎች አንድ ላይ የጠቀለለ ረዳት ኮድ ጻፈ፤ በ2016 በከርነል 4.8 የገባው «ቀላል የማሳያ መስመር» እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የአንድ ስክሪን ድራይቨር ጥቂት መቶ መስመር ብቻ ሆነ። የመጀመሪያውን፣ የኤምአይ0283ኪውቲን ድራይቨር ብታነቡት ጎልቶ የሚታያችሁ ስክሪኗን የሚያስነሣው የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ይህ በኔ ግምት የሥራው ትልቁ ውበት ነው፤ አንባቢው የሚያየው የስክሪኗን ጠባይ እንጂ የከርነሉን ሥርዓተ ደንብ አይደለም።

ቁጥሩንም እንየው። 320 በ240 ነጥብ ያላት ስክሪን ለአንድ ነጥብ 2 ባይት ከወሰደች፣ አንድ ሙሉ ምስል 153,600 ባይት ነው። በኤስፒአይ ሽቦ በ32 ሜጋኸርዝ ሲላክ ወደ 38 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ በሰከንድ 26 ምስል ቢሆን ነው። የሰዓት ቁጥር ብቻ ተቀይሮ ሳለ ሙሉውን ምስል መላክ እንግዲህ ብክነት ነው። የተቀየረውን አራት ማዕዘን ብቻ ቆርጦ የሚልክ ኮድ ያስፈልጋል። የሚገርመው፣ በኋላ በከርነሉ ይህን ሥራ የጋራ ያደረገው ረዳት ኮድ የመጣው ከቪኤምዌር ምናባዊ ግራፊክስ ሰዎች ነው። ሽቦ የሌለው ምናባዊ ስክሪንና በአራት ሽቦ የሚነዳ ስክሪን አንድ ዓይነት ችግር ነበረባቸው።

እዚህ ላይ ነው የንድፉ ቁም ነገር። በኛ አገር ወንፈል አለ፣ ደላላም አለ። የወንፈል ጎረቤት ስትጠሩት መጥቶ ያግዛችኋል፤ እርሻው ግን የእናንተ ነው። ደላላ መሃል ከገባ ግን ያለሱ ከሻጩ ጋር መነጋገር አትችሉም። የከርነል ሰዎች ሁለተኛውን «የመካከለኛ ንብርብር ስሕተት» ይሉታል፤ ኒል ብራውን በ2009 በዚህ ስም ጽፎበታል። ታይኒዲአርኤም ሲጀመር የራሱ ንብርብር ነበረው፤ ወደ ደላላነት ሊያድግ ይችል ነበር። አላደገም። ጠቃሚ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ለሁሉም ወደሚሆኑ ረዳቶች ተዛወሩ፣ በ2019 በከርነል 5.4 ማህደሩም «ታይኒ» ተብሎ ቀረ። ደራሲ የገዛ ሥራውን እንዲህ ሲያፈርስ ማየት ብርቅ ነው።

ቅሬታዬ ስለ «ቀላል» ስለተባለው መስመር ነው። አንድ ንብርብር፣ አንድ ተቆጣጣሪ፣ አንድ ኢንኮደር ጠቅልሎ ሲይዝ ጀማሪው ደስ ይለዋል፤ ግን የዲአርኤም ትክክለኛ ክፍሎች ምን እንደሆኑ ሳያውቅ ያልፋል። ስክሪኗ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ስትፈልግ ጥቅሉን መፍታት ግድ ይሆናል። በ2022 በከርነል 5.18 የገባው የኤስኤስዲ130ኤክስ ኦሌድ ድራይቨር መጀመሪያ በዚህ መስመር ተጻፈ፤ በዚያው ዓመት ግን ወደ መደበኛዎቹ ረዳቶች እንዲዞር ተደረገ። እንዲህ ከሆነ ቀላልነቱ ለማን ነው?

ሁለተኛው ቅሬታ ለኛ ይቀርባል። ይኸው ኦሌድ 128 በ64 ነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። ሙሉ ምስሉ 1,024 ባይት ብቻ ነው። ድራይቨሩ ግን ለፕሮግራሞች «ባለ 32 ቢት ቀለም ስክሪን ነኝ» ይላል፤ ፕሮግራሙ 32,768 ባይት ይስላል፣ ድራይቨሩ ወደ ግራጫ ይቀይረዋል፣ ከ255ቱ 128 የደረሰው ይበራል፣ ያልደረሰው ይጠፋል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ብዙ ፕሮግራም ሌላ የቀለም ዓይነት አያውቅም። ለእንግሊዝኛ ፊደል ብዙ ጉዳት የለውም። የኛ ፊደል ግን ከሆሄ ሆሄ የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ነው፤ «በ»፣ «ቡ»፣ «ቢ» እያላችሁ ቁጠሩ። ፊደሉ ጠርዙ በግራጫ ለስልሶ ከተሳለ፣ ያቺ ቀጭን ቅጥያ 128 ሳትሞላ ልትጠፋ ትችላለች። «ቢ» «በ» ሆኖ ቢነበብ ስሕተቱን የሚያሳይ ምልክት የለም። ይህን ወሰን ከውጭ የመለወጫ መንገድ ቢኖረው፣ ወይም ድራይቨሩ ባለ 1 ቢቱን መልክ በቀጥታ ቢያቀርብ፣ በእጅ የተሳለ የነጥብ ፊደል ሳይበላሽ ያልፍ ነበር። 16 በ16 ነጥብ ብንሰጠው በአንድ መስመር 8 ፊደል፣ በአራት መስመር 32 ፊደል ይገባል። «እንጅባራ» ከነሙቀት ቁጥሩ በአንድ መስመር ይበቃዋል።

ከርነሉ ራሱ በስክሪኗ ላይ የሚጽፍበት ኮንሶልስ? በአንድ ጊዜ ከ512 በላይ የፊደል ቅርጽ አይዝም። በዩኒኮድ 3.0 በ1999 የገባው የግዕዝ ፊደል ዋና ክፍል 384 ቦታ አለው፤ 95 የእንግሊዝኛ ቅርጾች ሲጨመሩበት 479። ጠባብ ቢሆንም ይገባል፣ ለአዊኛ የሚያስፈልገው የ«ጘ» ዘርም እዚሁ ዋናው ክፍል ውስጥ ነው። ተጨማሪው ባለ 96 ቦታ ክፍል ከመጣ ግን 575 ይሆናል፤ ያን ጊዜ የትኛው ፊደል ይውጣ የሚለውን የሚወስነው የፎንት ፋይሉን የሚያዘጋጀው ሰው ነው።