ላቲን ለዛሬው ሐኪም ምን ይፈይዳል?

በሕክምና ትምህርት ዙሪያ አልፎ አልፎ ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ የላቲን ቋንቋ ጉዳይ ነው። አንደኛው ወገን፣ የአካል ክፍሎችንና የበሽታዎችን ስም ከሥሩ ያልተረዳ ሐኪም ቃላቱን ያነበንባቸዋል እንጂ አያስተውላቸውም ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፣ አፍ መፍቻው ያደረገ ሕዝብ ለሌለው ቋንቋ የሚውል ሰዓት ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የተወሰደ ሰዓት ነው ሲል ይመልሳል። ክርክሩ ፍሬ ሳያፈራ የሚቀረው ሁለቱም ወገኖች “ላቲን” በሚለው አንድ ስም የተለያዩ ነገሮችን ስለሚጠሩ ነው። የአናቶሚ ስያሜ ላቲን፣ የመድኃኒት ማዘዣ ላቲንና የጥንት መጻሕፍት ላቲን በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ አይደሉም።

ላቲን የአውሮፓ ሕክምና የጋራ ቋንቋ በነበረበት ዘመን ጥቅሙ አያጠያይቅም ነበር። እንግሊዛዊው ሐርቬይ የደምን ዝውውር ያስረዳበትን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1628፣ ጣሊያናዊው ሞርጋኒ የበሽታዎችን መገኛ በአስከሬን ምርመራ ያሳየበትን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1761 ያሳተሙት በላቲን ነው። ጄነር ግን እ.ኤ.አ. በ1798 ስለ ላም ፈንጣጣ ሲጽፍ የተጠቀመው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ላቲኑ የቀረው በበሽታው ስም ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ስም የወጣው “ቫክሲን” የሚለው ቃል መነሻው ላም ማለት ነው። አማርኛው ላሟን ትቶ ድርጊቱን ያዘና “ክትባት” አለ፤ ቆዳ ላይ ምልክት ማኖርን ከሚያመለክተው “ከተበ” ከሚለው ግሥ። ላቲኑን ባለማወቁ ክትባት መስጠት ያቃተው የጤና ባለሙያ የለም።

የላቲን ጠበቆች በምሳሌነት የሚጠሯቸው ቃላት ራሳቸው ብዙውን ጊዜ ላቲን ያለመሆናቸው ሌላው የክርክሩ ድክመት ነው። “ኔፍራይቲስ”፣ “ሄፓታይቲስ” እና “አኒሚያ” የግሪክ ልጆች ናቸው። ኩላሊት አንድ ሆኖ ሳለ “ሪናል” ሲባል በላቲን፣ “ኔፍሮሎጂ” ሲባል በግሪክ ይጠራል። “ማላሪያ” ከጣሊያንኛ የመጣና መጥፎ አየር ማለት ነው። የአንጎልን የላይኛ ሽፋን የሚያመለክተው “ዱራ ማተር” ደግሞ፣ ቃሉ ላቲን ቢሆንም፣ “ጠንካራ እናት” የሚለው አስተሳሰብ በመካከለኛው ዘመን ከዐረብኛ የሕክምና መጻሕፍት በቀጥታ የተተረጎመ ነው። ነገሩ የታሪክ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በየቀኑ ከሚያጋጥሙት ቅድመ ግንዶች ሁሉ ይበልጥ አደገኛ የሆኑት “ሃይፐር” እና “ሃይፖ” ሁለቱም ግሪክ ናቸው። የደም ስኳሩ የወረደበትን ሰው ከወጣበት ለይቶ መጻፍ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሲሆን፣ ንጹሕ ላቲን የተማረ ሰው ለዚህ የሚያገኘው ልዩ ረዳት የለም።

ላቲን በእውነት ዋጋውን የሚያስመሰክረው በአናቶሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ባዝል ላይ የጸደቀው የስያሜ ዝርዝር ከመውጣቱ በፊት በአውሮፓ መጻሕፍት ውስጥ ከ50,000 የማያንሱ የአካል ስሞች ይሠራባቸው ነበር። አንዱ ክፍል በየአገሩና በየመምህሩ ሌላ ሌላ ስም ነበረው። ዝርዝሩ ይህን ትርምስ ወደ 5,500 ገደማ አወረደው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው “ተርሚኖሎጂያ አናቶሚካ” ከእያንዳንዱ የላቲን ስም ጎን የእንግሊዝኛ አቻውን አስቀምጧል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለተኛው ዝግጅት ተከትሎታል። የላቲን ጥቅም እዚህ ላይ የማንም አገር ንብረት አለመሆኑ ነው።

ስሞቹም ሲፈቱ ይናገራሉ። “ፔልቪስ” ገበታ መሰል ሳሕን፣ “ቲቢያ” ዋሽንት፣ “አሴታቡለም” የኮምጣጤ ጽዋ ነው። ጥቂት ሰዋስው ሲታከል ደግሞ ስሙ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። “ዲጂቶረም” የሚለው “የጣቶች”፣ “ዲጂቲ” የሚለው “የጣት” ማለት ነው። ስለዚህ “ኤክስቴንሰር ዲጂቶረም” በርካታ ጣቶችን፣ “ኤክስቴንሰር ዲጂቲ ሚኒማይ” ትንሿን ጣት ብቻ የሚዘረጋ ጡንቻ መሆኑን ስሙ ራሱ ይነግረናል። በድንገተኛ ክፍል በስለት የተቆረጠ እጅ ለሚመረምር ጀማሪ ሐኪም ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። “ቤተ መጻሕፍት” እና “ሕገ መንግሥት” እያለ ላደገ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ሁለት ስሞች ተናበው አንድ ነገር ሲሰይሙ ማየት አዲስ ነገር አይሆንበትም። “ሰርቪክስ ዩተራይ” ከዚህ የራቀ አሠራር የለውም። “ባክቴሪያዎች” የሚለውን፣ ቃሉ ቀድሞውኑ ብዙ ቁጥር ነው በማለት የሚነቅፉም አሉ። “መጻሕፍቶች” እና “ካህናቶች” ከሚሉት ጋር አብረው ይውቀሱት፤ ለሕሙማን ግን የሚያመጣው ጉዳት የለም።

“ሰርቪክስ” አንገት ማለት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሕዝብ የሚቀርበው የጤና ትምህርት ግን አንገቱን ትቶ “የማሕፀን በር” ይላል። ተርጓሚዎቹ ላቲኑን አለመከተላቸው ተገቢ ነው፤ በር ምን እንደሆነ፣ ለምንስ እንደሚመረመር ማንኛዋም እናት ትረዳዋለች። የቃሉን ሥር ማወቅ መቼ መከተል፣ መቼ መተው እንደሚገባ ለመወሰንም ይጠቅማል።

ይህ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው “ፑደንዳል” በሚለው ቃል ነው። በወሊድ ጊዜ የሚደነዝዘው ይህ ነርቭ ስሙን ያገኘው “ማፈር” ከሚል የላቲን ግሥ ሲሆን፣ “ሊታፈርበት የሚገባ” እንደ ማለት ነው። በቅርብ ዓመታት በአናቶሚ ባለሙያዎች መካከል ክርክር ያስነሣውም ስለዚህ ነው። ኢትዮጵያዊው ሐኪም በፈረንጆቹ ከመገረሙ በፊት “ኀፍረተ ሥጋ” የሚለውን ማስታወስ ይኖርበታል። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይመካከሩ የሰውን ገላ በኀፍረት ሰይመውታል። ሕመሟን ለመናገር ዐይኗን መሬት ላይ የምትተክል ሴት ያለችው በሁለቱም ዘንድ ነው። የቃሉን ትርጉም የሚያውቅ ባለሙያ ከእንዲህ ያለች ሕመምተኛ ጋር ሲነጋገር ሌላ ቃል ሊመርጥ ይችላል።

ከዚህ በላይ የሚወስደው ትምህርት ለጥቂቶች ይበቃል። በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የተማሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ላቲንን በመጀመሪያው ዓመት አጥንተዋል፤ እዚያ ማዘዣ የሚጻፈው የመድኃኒቱ ስም በላቲን ሰዋስው ተረብቶ ስለ ነበረ ትምህርቱ ሥራ ነበረው። በጀርመን ያለው የሕክምና ሥርዓተ ትምህርት በአንጻሩ በሕክምና ቃላት ላይ ያተኮረ ልምምድ ይጠይቃል እንጂ ቋንቋውን በሙሉ አያስጠናም። የዕፅዋት ተመራማሪዎች እንኳ አዲስ ዝርያ ሲገልጹ በላቲን የመጻፍ ግዴታቸው እ.ኤ.አ. ከ2012 መጀመሪያ አንሥቶ ቀርቷል፤ ኮሶ “ሐጌኒያ አቢሲኒካ” መባሉ ግን አልቀረም። ሙሉ ላቲን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ኢትዮጵያዊ ምናልባት በብራና ላይ የተጻፉ የመድኃኒት መጻሕፍትን የሚመረምረው ነው። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1661፣ ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ያሳተሟቸው የግዕዝ መዝገበ ቃላት ትርጉማቸው በላቲን ነውና፣ የአገሩን ቃል በሮማውያን በር ገብቶ መፈለግ ግድ ይሆንበታል።

የማዘዣው ላቲን ግን በምንም መልኩ የሚደገፍ አይደለም። በተማረ ሰው ቋንቋ ስም የሚሠራበት ይህ አጻጻፍ ከቋንቋነት ወጥቶ የፊደል ቁራጭ ሆኗል። “ኦ.ዲ.” ለአንዱ ጸሐፊ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለዐይን ሐኪሙ ቀኝ ዐይን ነው። “ኦስ” አፍም፣ አጥንትም ማለት ሲሆን፣ “ኦ.ኤስ.” ሆኖ ሲጻፍ ግራ ዐይን ይሆናል። በየቀኑ የሚለው “ኪው.ዲ.” በፈጣን እጅ ሲጻፍ ነጥቧ እንደ ፊደል ተነብባ በቀን አራት ጊዜ ከሚለው ጋር ይምታታል። የአሜሪካው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ይህንኑ ምልክትና በየሁለት ቀኑ የሚለውን ከተከለከሉ አጻጻፎች መካከል የመደባቸው በዚህ ምክንያት ነው። የብሪታንያ የመድኃኒት መመሪያም ትእዛዝ ሳያጥር በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ይመርጣል። የልብ ወይም የስኳር መድኃኒት በቀን አንድ ጊዜ ታዝዞለት አራት ጊዜ የሚወስድ ሰው የሚደርስበትን ለጤና ባለሙያ መንገር አያስፈልግም።

ምልክቱ ላኪና ተቀባይ የሚግባቡበት አጭር መንገድ ነው የሚል መከላከያ ይሰማል። ይሁን እንጂ የመጨረሻው ተቀባይ ፋርማሲስቱ አይደለም። “ቲ.አይ.ዲ.” የሚለው በቀን ሦስት ጊዜ ማለት ብቻ ሲሆን፣ በየስምንት ሰዓቱ መሆኑን አይናገርም። ገበሬው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ከምግብ ጋር ሊውጠው፣ ሌሊቱን ሙሉ ያለ መድኃኒት ሊያድር ይችላል። በመድኃኒቱ ከረጢት ላይ “ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት” ብሎ ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም፤ ማንበብ የማይችለውም ቢሆን ልጁ ያነብለታል።