አንስታይን ፓተንት ቢሮ ውስጥ ጊዜውን አባከነ እንዴ?

የአልበርት አንስታይን ታሪክ ሲነገር «ያን የመሰለ ጭንቅላት ይዞ ቢሮ ውስጥ ፋይል ሲያገላብጥ ኖረ» መባሉ አይቀርም። እስቲ ይህን ወሬ አብረን እንፈትሸው፤ ፊዚክስ የምትማሩ ልጆች «ወይ ፕሮፌሰር ወይ ምንም» ብላችሁ እንድታስቡ የሚያደርገው እንዲህ ያለው አተራረክ ነውና።

አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1900 ከዙሪክ ፖሊቴክኒክ ቢመረቅም በረዳትነት የሚቀጥረው ዩኒቨርሲቲ አላገኘም። በ1902 በርን ከተማ በሚገኘው የስዊዘርላንድ የአእምሯዊ ንብረት ቢሮ ሥራ ጀመረ። የልዩ አንጻራዊነትን ጽሑፍ በ1905 ያሳተመውም እዚያው እየሠራ ነው።

ለመሆኑ የፓተንት መርማሪ ምን ይሠራል? አንድ ሰው «ማሽን ፈልስፌአለሁ» ብሎ ሲያመለክት፣ በእርግጥ ይሠራል ወይ? ከዚህ በፊት ያልነበረ ነው ወይ? የእሱ የሆነው የትኛው ክፍል ነው? ብሎ ይጠይቃል። ይሄ ደግሞ ፊዚክስን በደንብ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

የሳይንስ ታሪክ ተመራማሪው ፒተር ጋሊሰን በ2003 ባሳተመው «የአንስታይን ሰዓቶች፣ የፖንካሬ ካርታዎች» በተሰኘው መጽሐፉ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። በዚያ ዘመን የባቡር ጣቢያና የከተማ ሰዓቶችን በኤሌክትሪክ ምልክት ማስማማት ትልቅ ሥራ ነበር፤ የፓተንት ማመልከቻዎቹም ወደ በርን ይጎርፉ ነበር። የ1905ቱ ጽሑፍም ሁለት የተራራቁ ሰዓቶች በብርሃን ምልክት እንዴት እንደሚስማሙ ይጠይቃል። መጽሐፉ ንድፈ ሐሳብን ከሰማይ አውርዶ ከዕለት ሥራ ጋር ማገናኘቱ ያስመሰግነዋል። ግን ልብ በሉ፦ አንስታይን ከጻፋቸው የምርመራ አስተያየቶች አብዛኞቹ ተወግደዋል። ስለዚህ ግንኙነቱ አሳማኝ ነው እንጂ የተረጋገጠ አይደለም። «ቢሮው አንጻራዊነትን ወለደ» ብንል አንዱን ተረት በሌላ ተረት መተካት ይሆናል።

አንስታይን በ1909 ቢሮውን ትቶ ወደ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ መሄዱንም መርሳት የለብንም። ዩኒቨርሲቲ የራሳችሁን ጥያቄ የመምረጥ ነፃነት ይሰጣችኋል፤ ፓተንት ቢሮ ግን የሌላውን ሰው ሐሳብ ቶሎ ተረድቶ በትክክለኛ ቃል መጻፍን ያስተምራል። አንዱ የሌላው ውድቀት አይደለም።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአገራችን የፈጠራ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 123/1987፣ አንድ ፈጠራ ፓተንት የሚያገኘው አዲስነት፣ የፈጠራ ብቃትና የኢንዱስትሪ ተግባራዊነት ሲኖረው ነው። እነዚህን ሦስቱን ማን ይመዝን? ቀመሩን የሚያውቅ ሰው ነዋ! ስለዚህ ቀጣዩን እርምጃ ስታስቡ «ፕሮፌሰር እሆናለሁ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ምን ዓይነት ጥያቄ ላይ መዋል ያስደስተኛል?» ብላችሁም ጠይቁ።