«በፊት» እና «በኋላ»

በየቴሌግራሙ የሚዞረውን የሆድ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና ማስታወቂያ እንደ ድርሰት ላንብበው። ሁለት ፎቶግራፍ፤ «በፊት» እና «በኋላ»። መሀሉ የለም። ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ታሪክ ጽፈው ቢያመጡልኝ «ግጭቱስ የት ገባ?» ብዬ እመልስላቸው ነበር።

የጎደለው መሀል እንዲህ ነው። «ስሊቭ» በሚሉት ዓይነት ከጨጓራ አራት አምስተኛው ገደማ ተቆርጦ ይወጣል፤ ተመልሶ አይቀጠልም። በ«ባይፓስ» ደግሞ ከጨጓራው ትንሽ ከረጢት ብቻ ይቀርና ምግቡ የአንጀቱን መጀመሪያ ዘሎ ያልፋል። ሁለቱም ዕድሜ ልክ ቫይታሚንና ክትትል ይፈልጋሉ። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው፤ እኛ ደግሞ የዓመቱን ግማሽ ያህል ጿሚዎች ነን። ይህን ማን አነሳው? የጉርሻስ ነገር! አንድ የአማት ጉርሻ ለዚያ ጨጓራ ሙሉ ገበታ ነው።

ለማን ነው ታዲያ? እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች መመሪያ ኪሎን ለቁመት ካሬ አካፍሎ 35ና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው፣ ስኳር ላለበት ደግሞ ከ30 ጀምሮ ይመክራል። ቁመቷ 1.60 ሜትር ለሆነ ሴት 35 ማለት 90 ኪሎ ያህል ነው። 70 ኪሎ ሆና ስለ ቬሎዋ የምትጨነቀው የየካ ሚካኤል ሙሽራ እዚህ ውስጥ የለችም። ያለው የስኳር መድኃኒቱ በየጊዜው የሚጨመርለት፣ ጉልበቱም ከሚካኤል ደጅ አላልፍ ያለው ጎረቤቷ ነው። እሱን ግን «ተመችቶሃል!» እንለዋለን፤ ሲብስበት ደግሞ «ጠዋት ጠዋት የእንጦጦን ዳገት ውጣ» ብለን እንመክረዋለን።