ተመላሹ ምሁር በ«ጤዛ» ፊልም

ሊማሊሞን ወርደው በሚያገኟት በአዲ አርቃይም ሆነ በሌላው የጎንደር አገር፣ ከባሕር ማዶ የተመለሰ ልጅ «ምን ይዞ መጣ?» ይባላል። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ በ2008 እ.ኤ.አ. ባቀረበው «ጤዛ» በተሰኘው ፊልም ግን «ምን አጥቶ መጣ?» ያሰኘናል። በጀርመን አገር ሕክምና የተማረው አንበርብር በ1990 እ.ኤ.አ. ጣና ዳር ወዳለው የትውልድ መንደሩ የሚገባው አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታውም ተበታትኖ ነው። ያድናል የተባለው እርሱ ታማሚ ሆኖ እናቱ ታስታምመዋለች። የፊልሙ ብርታት ይህ ነው። ጉድለቱ፣ የምሁሩን ሕመም በሰፊው ሲተርክ የመንደርተኛውን አስተያየት ማሳጠሩ ነው። ልጆቹ ለጦርነት የሚታፈሱበት ገበሬ ስለ ተመላሹ ምን ያስባል? ዳግመኛ አገር መልመድ የተመላሹም የተቀባዩም ሥራ ነውና፣ የተቀባዩ ቃል በሚገባ ካልተሰማ ታሪኩ ግማሽ ሆኖ ይቀራል ብለን እናምናለን።