ሚኒሞ ሲወርድ የሚታይ ሙያ

ሐረር ውስጥ አንድ የቤንዚን ሞተር መካኒክ ምን ያህል እንደሚያውቅ ለማየት ለፈለገ ሰው ፈተናዋ ፔጆ 404 ናት። ባጃጅ መንገዱን ሁሉ ከያዘ ወዲህ ቁጥራቸው ቢሳሳም፣ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት አሮጌ የ404 ታክሲዎች የከተማዋ መልክ ሆነው ኖረዋል። ፈረንሳይ ይህችን መኪና ያመረተችው ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ነው። መልኳን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ሲሆን ሞተሯ 1618 ሲሲ፣ ባለ አራት ፒስተን፣ 45 ዲግሪ ወደ ጎን ጋደም ያለ ነው። «ታክሲ እንጂ የስፖርት መኪና አይደለችም» ለሚል መልስ አለ፦ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈችው እሷ ናት። በ1963 እና በ1968ቱ ውድድር ከተሰለፉት ሁሉ እስከ ፍጻሜው የዘለቁት ሰባት ሰባት መኪኖች ብቻ ነበሩ።

እንዲህ ያለ ሞተር ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ወይም ሲሄድ ሲቆራርጥ ጥፋቱን የሚናገር ኮምፒውተር የለውም። ሁሉም ነገር መካኒኩ ጆሮና ጣት ላይ ይወድቃል። ባለመኪናውም ሞተር ባያውቅ እንኳ ሥራው እንዴት እየተሠራ እንደሆነ አይቶ መፍረድ ይችላል። ምን ማየት እንዳለበት ካወቀ ማለቴ ነው።

ከሁሉ በፊት የተለመደውን ማታለያ እንወቅ። መኪናዋ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ሰው ስትጠብቅ ትርገፈገፋለች፣ አንዳንዴም ትጠፋለች። ሾፌሩ ቸኩሏል፦ «አቦ፣ ሚኒሞዋን ትንሽ ከፍ አርጋትና ልሂድ!» ሚኒሞው፣ ማለትም መኪናዋ ቆማ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ ከፍ እንዲል ካቻቢቴው አንድ ዙር ይዞራል፣ መንቀጥቀጡ ይቆማል፣ ገንዘብ ይከፈላል። የተጠገነ ነገር ግን የለም። ሞተሩ በደቂቃ 600 ዙር ሲዞር አራቱ ሲሊንደሮች በድምሩ በሰከንድ 20 ጊዜ ያቃጥላሉ፤ የእያንዳንዳቸው ድርሻ አምስት ነው። አንዱ ከሞተ በየሰከንዱ አምስት ጊዜ ጉድለት አለ፤ ያንን ወንበሩም መሪውም ይነግሩሃል። ዙሩን ወደ 1200 ስታወጣው ጉድለቶቹ ይቀራረባሉ፣ ቮላኖውም (ከሞተሩ ጀርባ ያለው ከባድ ዲስክ) በጉልበቱ ያሳልፋቸዋል። በሽታው እዚያው ነው፤ የቀረው ምልክቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራ ስትረከብ የመጀመሪያው ጥያቄህ «ሚኒሞውን አውርድልኝ» ይሁን። በደንብ የተሠራ ሞተር ሊጠፋ ነው እስክትል ድረስ ወርዶም እኩል ይመታል። መካኒኩ ለማውረድ ሰበብ ካበዛ መልሱን አግኝተሃል።

ጎበዝ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ወዲያው አይፈታም፤ ይጠይቃል። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ? ቆማ ነው ወይስ ዳገት ላይ? ከዚህ በፊት ማን ምን ነካ? ቤንዚኑ ከማደያ ነው ወይስ ከጀሪካን? የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀልድ አይደለችም። ቤንዚን በሚጠፋበት ሰሞን በየመንገዱ የሚሸጠው ውኃና ቆሻሻ ይዞ ይመጣል፤ ንጹሕ ብርጭቆ ላይ ቀድተህ ብታቆየው ውኃው ከሥር ጠብታ ሠርቶ ይታያል። ይህን ሳያይ ካርቡራተር የሚያወርድ ሰው ሥራውን ከጭራው ጀምሯል።

ከጥያቄው በኋላ ማዳመጥ ነው። መካኒኩ ወደ ኋላ ዞሮ እጁን ከማርሚታው ጫፍ ፊት ሲይዝ ብታይ ደስ ይበልህ። ትንፋሹ በእኩል ልዩነት፣ በዜማ የሚጎድል ከሆነ ጥፋቱ አንድ ሲሊንደር ላይ ነው፦ ካንዴላ፣ ገመድ ወይም ቫልቭ። ያለ ሥርዓት፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ የሚጎድል ከሆነ ግን አራቱም የሚጋሩት ነገር ታሟል፦ ፑንቲና፣ ኮንደንሰር፣ ቦቢና ወይም ቤንዚኑ። ይህ ልዩነት ግማሹን ፍለጋ ይቀንሳል። በግንብ በታጠረው ጁገል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ተደርድረው የሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የራሳቸው መርፌ ስፌት ሲዘል ይሰማቸዋል፤ የመካኒክ ጆሮም እንደዚያ ካልሆነ መሣሪያው ብቻውን አያድነውም።

ቀጥሎ የሞተውን ሲሊንደር ማግኘት ነው። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ፣ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፒንሳ ይነቅላል። ሲነቀል ሞተሩ ይበልጥ ከተንገዳገደ ያ ሲሊንደር ሲሠራ ነበር፤ ምንም ካልተለወጠ ሙቱ እሱ ነው። እዚህ ላይ የ404ን ጠባይ የሚያውቅና የማያውቅ ይለያል። ፔጆ አንድ ቁጥርን የሚቆጥረው ከቮላኖው በኩል፣ ማለትም ከሾፌሩ ወደ ፊት ነው፤ የማቃጠያው ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። በሌሎች መኪኖች ልማድ ከራዲያተሩ በኩል የሚቆጥር ሰው ስለ «ሁለት ቁጥር» ሲያወራ ስለ ሦስት ቁጥር እያወራ ነው። ካንዴላዎቹም ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። የጉድጓዱ ጎማ ሲደርቅ ዘይት ይገባና እሳቱ ወደ ካንዴላው ጫፍ ሳይደርስ በጎን ያመልጣል። አዲስ ካንዴላ ገዝተህ ዘይት በሞላው ጉድጓድ ውስጥ ብታስቀምጠው ለሳምንት ይሠራ ይሆናል። ጉድጓዱን በጨርቅ አድርቆ፣ ጎማውን ለውጦ ካንዴላውን የሚመልስ ሰው ካገኘህ አትልቀቀው።

አንድ ተጨማሪ የጎበዝ መካኒክ ምልክት አለ፤ እኔ ከሁሉ በላይ የምወዳት እሷን ነው። የተጠረጠረውን ካንዴላ ጥሎ አዲስ ከማስገዛቱ በፊት ከጎረቤት ሲሊንደር ጋር ያቀያይረዋል። ጥፋቱ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋተኛው ካንዴላው ነው፤ እዚያው ከቀረ ገመዱ ወይም ከውስጥ ያለው ነው። ወጪው ሁለት ደቂቃ ነው። ይህን የማያደርግ መካኒክ በአንተ ገንዘብ እየገመተ ነው።

የካንዴላው ቀለም መነበብ አለበት፤ ግን በሐረር ዓይን። ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥላሸት ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው፤ እርጥብና የሚያብረቀርቅ ጥቁር ዘይት ነው፤ ነጭ ሲሆን አየር በዝቷል ወይም ሙቀት። ከተማዋ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋብሪካው ለቆላ አየር የለካው ሶሌክስ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ስለዚህ ትንሽ ጥላሸት ሁልጊዜ በሽታ አይደለም፤ የከፍታው ጠባይ ነው። አራቱም እኩል ከጠቆሩ ካርቡራተሩን ጠይቅ፤ አንዱ ብቻ ከጠቆረ ያንን ሲሊንደር። የሲሊንደር ግፊት ሲለካም ሕጉ ያው ነው። መጽሐፉ ላይ ካለው ቁጥር ስላነሰ ብቻ «ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) በልቷል፣ ሞተር ይውረድ» የሚልህን አትመን፤ በዚህ ከፍታ ጤነኛ ሞተርም ያንሳል። የሚታየው በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ከወደቁ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ (የሲሊንደር ራስ) ጋስኬት ተጠርጣሪ ነው። አንዱ ብቻ ከወደቀ ጥቂት ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት ነው፤ ከፍ ካለ ፋሻ ነው፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ።

የእሳቱን መስመር በሚከፍተውና በሚዘጋው ፑንቲና ላይ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር አለ። ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ግን የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ከተበላ ክፍተቱ በየዙሩ ይለዋወጣል፤ ዛሬ ያስተካከልከው ነገ ሌላ ነው። ጎበዙ ከመለካቱ በፊት ዘንጉን በሁለት ጣት ይዞ ወዲህ ወዲያ ይነቀንቀዋል። በወር ሦስት ጊዜ ፑንቲና የምታስተካክል ከሆነ መካኒክህ ይህን አላደረገም።

ካርቡራተር መጨረሻ ይምጣ። እሳቱ ሳይስተካከል ቤንዚኑን ማስተካከል ሁለት ስሕተት አንድ ላይ ማሰር ነው። ከዚያም በፊት ከካርቡራተሩ እግር ሥር የሚገባ አየር ይፈለጋል፤ ሞተሩ ቆሞ እየተንቀጠቀጠ ሲሮጥ የሚሻለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። መጋጠሚያው ላይ ዘይት ጠብ ሲደረግ ድምፁ ከተለወጠ ቀዳዳው ተገኝቷል። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን እየረጨ የሚፈትን ካየህ ግን ራቅ በል።

ሥራው አለቀ ሲባል ፈተናው ጋራዡ በር ላይ አያልቅም። መጀመሪያ በሐረር በር ገብቶ በቀስታ እስከ ፈረስ መጋላ መውረድ፣ እዚያ ሞተር ሳያጠፉ መቆም። ቀጥሎ የአወዳይንና የሐረማያን መንገድ ይዞ ደንገጎ መድረስ። ወደ ድሬዳዋ በሚወርደው ቁልቁለት ማርሽ ውስጥ አስገብተህ፣ ነዳጅ ሳትሰጥ ረዘም ላለ ጊዜ ውረድ፤ ከዚያ ነዳጁን ስትረግጥ መስተዋቱን እይ። ሰማያዊ ጭስ ድንገት ከወጣ ዘይት በቫልቭ መሪዎቹ በኩል እየገባ ነው፤ ያ ካንዴላ ነገ ይጠቁራል። ስትመለስ ዳገቱ የእሳቱን አቅም ይለካል፦ ደካማ ቦቢና ሜዳ ላይ ይደበቃል፣ ሸክም ሲበዛ ግን ይቆራርጣል።

ጥፋቱ ቫልቭ ሆኖ ቴስታታ መውረዱ ግድ ከሆነ ሥራው ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፤ እዚያም መፍረድ ትችላለህ። ቴስታታው ከመመለሱ በፊት ገልብጠው፣ ቫልቮቹ እንደተዘጉ ካንዴላዎቹን አስገብተህ የማቃጠያ ጉድጓዶቹን በነጭ ጋዝ ሙላቸው። ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ የቫልቮቹን ቀዳዳ ከጎን በጣትህ ዳብሰው። አንዱ እንኳ ከረጠበ ክፍያውን ይዘህ ቆይ፤ ያ ቫልቭ እንደገና ይፈጭ።