አንበሳውን ስንት ቀን ቀለበችው?

በሱዳን ድንበር አቅራቢያ ባለችው በሽንፋ ለልጆች ተረት እያነበብኩ ነበር፤ የእንጀራ እናቲቱንና የአንበሳውን ጢም። ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ከብት ጠባቂ ልጅ አስቆመኝ። «ነፋሱ ከየት ወደየት ነበር?» አለ። መጽሐፉ ስለ ነፋስ አንድም ቃል የለውም። ሴትዮዋ ሥጋ ይዛ ወደ አንበሳው ዋሻ ትሄዳለች፣ አለቀ። ልጁ ግን አውሬ ሰውን በዓይኑ ሳያይ በአፍንጫው እንደሚያውቀው ከብት እየጠበቀ ተምሯል። ነፋሱ ከጀርባዋ ከሆነ አንበሳው ቀድሞ ያውቅባታል፤ ከፊቷ ከሆነ ደግሞ ሳታስበው ልትደርስበት ትችላለች። ለእሱ ይህ ሳይታወቅ ታሪኩ ሊቀጥል አይችልም።

ከዚያ ወዲህ ለልጆች የተጻፈ የጀብዱ ታሪክ ወይም እንደገና የተተረከ ተረት እጄ ሲገባ ሥዕሉንም ሽፋኑንም አልፌ አንድ ነገር እፈልጋለሁ፦ የጸሐፊው እግር መሬት ነክቷል ወይ?

አገሩ ለዚህ ዓይነት ጥያቄ የተመቸ ነው። ወደ ቋራ ሲዘለቅ የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ፣ ከድንበሩ ማዶ የሱዳኑ ዲንደር ይቀጥላል። በ2008 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ካሜራ አጥምደው በአልጣሽ አንበሳ መኖሩን በፎቶግራፍ ሲያረጋግጡ ወሬው ዓለምን አዳረሰ፤ ለአካባቢው ሰው ግን አዲስ ነገር አልነበረም። እዚህ አንበሳ የሥዕል መጽሐፍ እንስሳ አይደለም።

ተረቱን አብዛኛው ሰው ያውቀዋል። የእንጀራ ልጇ እምቢ ያላት ሴት ወደ አዋቂ ሽማግሌ ዘንድ ሄዳ መድኃኒት ትጠይቃለች፤ እሳቸውም የአንበሳ ጢም አምጪ ይሏታል። ሥጋ እየወሰደች፣ በየቀኑ ትንሽ እየቀረበች፣ በመጨረሻ ጢሙን ትቆርጣለች። ሽማግሌው አንበሳውን እንዳላመድሽው ልጁንም አላምጂው ብለው ይሸኟታል። ራስል ዴቪስና ብሬንት አሽአብራነር የኢትዮጵያ ተረቶችን ሰብስበው በ1959 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ሲያሳትሙ የመጽሐፉን ርእስ የወሰዱት ከዚሁ ተረት ነው። በሌላ አተራረክ ሴትዮዋ ባሏ ፊቱን ያዞረባት ሚስት ናት። ለልጆች ግን የእንጀራ ልጁ ይበልጣል። የሚያዳምጠው ልጅ አንበሳው እሱ ራሱ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ቀስ እያለ ይደርስበታላ።

የዚህ ተረት ሙያ ያለው መሐሉ ላይ ነው። «ከብዙ ቀናት በኋላ አንበሳው ተላመዳት» የሚል ዐረፍተ ነገር ካየሁ መጽሐፉን አስቀምጠዋለሁ፤ ጸሐፊው የተረቱን ሥጋ በልቶ አጥንቱን ለልጆቹ አቅርቧል። ደህና ተራኪ ቀኖቹን ይቆጥራል። በመጀመሪያው ቀን ሥጋውን ከሩቅ ወርውራ ትሸሻለች፤ መብላት አለመብላቱን እንኳ አታይም። በሁለተኛው ቀን ዛፍ ተከልላ ሲበላ ታያለች። ከዚያ ከዛፉ ትወጣለች። ከዚያ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ደግሞ አንበሳው ሳይመጣ ይቀርና ሥጋው ዝንብ ወሮት ይውላል፤ ይህን ቀን የጨመረ ተራኪ ካጋጠመኝ ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ። ሥጋውስ ከየት መጣ? ድሃ ቤት በየቀኑ ሥጋ የለም። አንዲቷ ፍየል መታረዷን የሚነግረኝ ተራኪ፣ ሴትዮዋ ልጁን ምን ያህል እንደፈለገችው አብሮ ነግሮኛል። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ግማሽ ገጽ ከሰበኩ ደግሞ ጸሐፊው ልጆቹን አላመናቸውም ማለት ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃቸዋል።

ቀጥሎ ወደ አማርኛው እሄዳለሁ። ብዙ የልጆች መጽሐፍ እንዲህ ይላል፦ «እሷ በጣም ፈራች። እሷ ወደ ዛፉ በፍጥነት ሮጠች። እሷ ከዛፉ ጀርባ ተደበቀች።» እያንዳንዱ ቃል አማርኛ ነው፤ ተደምሮ ግን አማርኛ አልሆነም። አያት ብትተርከው እንዲህ ትለዋለች፦ «ቅጠሉ ኮሽ ሲል ክው ብላ፣ ሥጋውን ጥላ፣ ነጠላዋን ሰብስባ፣ ከግራሩ ጀርባ ልጥፍ አለች።» ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ ድረስ የልጁ ትንፋሽ ተይዟል። ጥላ፣ ሰብስባ እያለ የሚጎትተው ይህ ሰንሰለት ቋንቋችን ለጀብዱ ታሪክ የሰጠን ትልቁ ስጦታ ነው፤ የት እንደሚታሰር ማወቅ ደግሞ የተራኪው ችሎታ ነው። ኮሽ፣ ክው፣ ልጥፍ፣ ሹልክ፣ ዘው የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ያህል ይሠራሉ። በዝተው ከተደረደሩ ግን ይደነዝዛሉ፤ በአንድ ገጽ ሁለት ሦስቱ ይበቃሉ።

ይህን ጆሮ ለማሠልጠን ከአባባ ተስፋዬ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ተስፋዬ ሣህሉ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ሲተርኩ ዝም የሚሉበትን ቦታ ያውቁ ነበር። በጽሑፍ በኩል ደግሞ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» አለ። ከባሕር ማዶ የመጡ ምሳሌዎች እዚያ ውስጥ አገራቸውን ቀይረው እዚሁ የተወለዱ መስለው ይኖራሉ።

ከውጭ የመጡትን ታላላቅ የጀብዱ ታሪኮች ልጆቻችን የሚያገኟቸው አብዛኛውን ጊዜ ባጠረ ቅጂ ነው። ማሳጠር ኃጢአት አይደለም። ምን እንደተቆረጠ ግን መመርመር ያስፈልጋል። በ1883 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ የወጣውን የስቲቨንሰንን «ትሬዠር አይላንድ» ልውሰድ። ልጁ ጂም መርከብ ላይ ሳለ ፖም አምሮት በርሜል ውስጥ ይገባል፤ በርሜሉ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በጨለማው ውስጥ በመርከቡ ውዝወዛ እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርገው ሲል አንድ ከባድ ሰው መጥቶ በርሜሉን ይደገፋል፤ በርሜሉ ይነቃነቃል። ልጁ የመርከበኞቹን የክህደት ምክር የሚሰማው ከዚያ ውስጥ ሆኖ ነው። ያጠረ ቅጂ ሳገኝ በቀጥታ ወደዚህ ቦታ እገልጣለሁ። «ጂም የመርከበኞቹን ሴራ ሰማ» ብቻ ካለ አሳጣሪው ታሪኩን አላነበበውም ማለት ነው። የፖሙ አምሮት፣ ጨለማውና የበርሜሉ መነቃነቅ ካሉ የቀረው ቢቆረጥም ይሁን። የሽንፋ ልጅ ባሕር አላየም፤ ጎተራ ውስጥ መደበቅ ግን ያውቃል።

የራሳችን ጀብዱ ደግሞ ከደጃችን ይጀምራል። ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የዚህ የቋራ ቆላ ልጅ ነው። የልጆች መጻሕፍት ከሽፍትነቱ ወደ ዘውዱ ይዘላሉ። መሐል ላይ ደባርቂ አለ። በ1848 እ.ኤ.አ. ካሣ ወደ ሱዳን ወሰን ዘምቶ የግብፅን ጦር ሲገጥም መድፍ ሠራዊቱን ፈጀበት። ቆስሎ ተመለሰ፤ ሐኪሙ ለክፍያ ላም ሲጠይቀው ወደ ዘመኑ ገዥ ወደ እቴጌ መነን ልኮ ብልት ሥጋ ብቻ ተላከለት ይባላል። እንዲህ ያለ ታሪክ እጁ ላይ እያለው የሚዘለው ጸሐፊ ምን ፈልጎ እንደሆነ አይገባኝም! የደባርቂን ሽንፈት ያላነበበ ልጅ ንጉሡ በኋላ ጋፋት ላይ መድፍ ለማስቀረጽ ያን ያህል የተጨነቁት ለምን እንደሆነ ከየት ያውቃል? በጎ ጀብዱ ውስጥ ጀግናው ይሸነፋል፣ የተሸነፈበትም ምክንያት ግልጽ ሆኖ ይጻፋል። ጠላትም ሞኝ አይሆንም።

ሌላም የማላልፈው ነገር አለ። እንግሊዛዊው ጂ. ኤ. ሄንቲ በ1868 እ.ኤ.አ. የመቅደላን ዘመቻ በጋዜጠኝነት ተከትሎ ነበር፤ በኋላም ለወንዶች ልጆች በርካታ የጀብዱ መጻሕፍት ጻፈ። ከእነዚያ መጻሕፍት በአብዛኞቹ ጀግናው እንግሊዛዊ ልጅ ነው፤ የአገሩ ሰው ከበስተኋላ ይቆማል። የእኛም አሮጌ ተረቶች ከዚህ ንጹሕ አይደሉም፤ የቆላውን ጥቁር ሰው አውሬ አድርገው የሚተርኩ አሉ። እዚህ የጉሙዝ ልጅ ከአማራው ልጅ ጎን ተቀምጦ ያዳምጣል። ስለዚህ ከማንበቤ በፊት ይህ ገጽ የትኛውን ልጅ አንገት ያስደፋል ብዬ እጠይቃለሁ፤ የሚያስደፋ ከሆነ ጮክ ብዬ አላነበውም።

አሁን የማስበው ገና ስላልተጻፈ መጽሐፍ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. «ኔቸር» የተሰኘው የሳይንስ መጽሔት የሽንፋን ስም ይዞ ወጣ። በሽንፋ ወንዝ አጠገብ በተቆፈረ ሥፍራ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊትና የበሏቸው እንስሳት አጥንት ተገኝቷል። ከመካከሉ የፍላጻ ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም የተባሉ ትናንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ስለቶች ነበሩ። አፈሩ ውስጥ ደግሞ ሱማትራ ላይ ከፈነዳው ከቶባ እሳተ ገሞራ የመጣ ደቃቅ የመስተዋት ብናኝ አለ። ከፍንዳታው በኋላ በጋው ረዘመ፤ ሰዎቹም ወንዙ ቆራርጦ ከተዋቸው ኩሬዎች ከቀድሞው የበለጠ ዓሣ በሉ።

ይህን ለልጆች የሚጽፍ ሰው በመጀመሪያው ገጽ ተራራውን ካፈነዳው ነገሩ ተበላሸ። እዚህ የነበረ ልጅ ፍንዳታውን አላየም፤ ሱማትራ የሚባል አገር መኖሩንም አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ዝናቡ መዘግየቱን፣ ኩሬው ትናንት ከነበረበት ዛሬ ዝቅ ማለቱን ነው። ቶባ የሚለው ስም ከታሪኩ ውጭ፣ ከመጨረሻው ገጽ ጀርባ ይቀመጥ።

በሚያዝያ ወንዙ አሸዋ ብቻ ሆኖ እዚህም እዚያም ውኃ ሲቀር፣ ስለዚሁ የሞከርኩትን ረቂቅ ለእነዚያው ልጆች አነበብኩላቸው። የታሪኬ ልጅ ወደ ኩሬው ገብቶ ዓሣ በእጁ ይዞ ወጣ ብዬ ነበር የጻፍኩት። ያ የነፋሱን የጠየቀኝ ልጅ ራሱን ነቀነቀ። «ውኃው የጠራ ከሆነማ ያመልጠዋል» አለ። «መጀመሪያ በእግሩ ያደፍርሰው። ሲታፈን ዓሣው ራሱ ወደ ላይ ይመጣል።» ተነሥቶም ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ እንዴት እንደሚረገጥ አሳየን።