ሳይመረግ የተለሰነ

ሰሞኑን አንዲት ጀማሪ ሠዓሊ ሸራ ሳዘጋጅ አየችኝና፣ «ጋሼ፣ መደቡን እንዲህ በአፈር ቀለም ካጠቆሩት ቢጫው በምን ይበራል?» አለችኝ።

የነጭ ሸራ ወገኖችን ክርክር አውቀዋለሁ። ለውሃ ቀለም እሺ፤ እዚያ ብርሃኑ ራሱ ወረቀቱ ነው። በዘይት ቀለም ግን አልስማማም። ነጭ ላይ መጀመሪያ የሚያርፍ ቀለም ሁሉ ከልኩ በላይ ጠቁሮ ይታያል። እጅ ይደነግጥና ነጭ ይደባልቅበታል። ነጩ ተሸፍኖ ሲያልቅ ሥዕሉ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል።

የተማሪነት ዘመን ሥራዎቼ በሙሉ ዱቄት የተነፋባቸው ነበሩ። ገብረክርስቶስ ደስታ ከኮሎኝ ተመልሶ በ1950ዎቹ አጋማሽ አብስትራክት ሥዕል ለአዲስ አበባ ሲያሳይ እኛ አልነበርንም፤ ዘግይተን የደረስን ድፍረቱን ብቻ ወረስን። «ጎልጎታ» ብሎ የሣለ ሰው ከባዶ እንዳልተነሣ ልብ ልንል ይገባ ነበር። ዘሪሁን የትምጌታም የቀርከሃ ስንጥቅ ላይ ሲሥል፣ ቀለሙ ሳያርፍ መደቡ መናገር ጀምሯል።

በዚያ ዘመን ከሣልኳቸው አንዱን፣ አግድም የተነባበሩ ሦስት ቀለሞች ብቻ ያሉበትን፣ ጨፋ ሮቢት ይዤው ሄድኩ። እናቴ ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። መዳፏን አሳረፈችበትና በኦሮምኛ፣ «ሳትመርገው ለሰንከው» አለችኝ። ያገራችን ሴቶች ግድግዳ ሲሠሩ መጀመሪያ ጭድ የገባበትን ጭቃ ይመርጋሉ፤ እስኪደርቅና እስኪሰነጣጠቅ ይጠብቃሉ፤ ልስኑ የሚመጣው ከዚያ ነው። እኔ ግን ተቀየምኩ። ዘመናዊ ሥዕል በግድግዳ ይለካል እንዴ?

ሸራው ከምድጃዋ ትይዩ ተሰቅሎ ብዙ ዓመት ቆየ። ለለቅሶዋ ስደርስ ጭሱ ነጩን ሁሉ ቡናማ አድርጎታል። አረንጓዴው ረግቷል። ቢጫው፣ ያ የሚጮኸው ቢጫ፣ የቦርከና ውሃ ሸሽቶ ዋልካው ላይ የቀረውን የበጋ ሣር መስሏል፤ የአፋር ከብቶች ለግጦሽ የሚመጡበትን። ከላይ ተራራው፣ መሐል ሣሩ፣ ከታች ውሃው። እኔ ለመምህሮቼ «የምንም ሥዕል አይደለም» ብዬ የተከራከርኩበት ሸራ ነው ይህ። ለቀስተኛው መሐል ቆሜ ከሷ ይልቅ ለሥዕሉ አለቀስኩ የሚል ስሜት ያዘኝ፤ ዛሬም አልለየሁትም።

ልጅቷን ወስጄ አሳየኋት። ጥላሸቱን በጥንቃቄ ማጽዳት እንደሚቻል ነገረችኝ፤ ልክ ናት፣ ይቻላል። አላስነካም። ከእናቴ ምድጃ የወጣ ነው።